ከምት በፊት ወይስ ከምት በኋላ፦ በጋሞ ደጋ አሮጌ ገንዘቦች ላይ የእሳት ጉዳትን ከማተሚያ ቤት ስህተት ስለ መለየት

በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ላይ የተቀረጸው ዓመት ምንጊዜም 1780 (እ.ኤ.አ.) ነው። ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነውና፣ ብሩ ከዚያ በኋላ በቪየናም ይታተም በሮም፣ በለንደንም ይታተም በቦምቤይ፣ ዓመቱ አልተለወጠም። ስለዚህ በጨንቻ ወይም በዶርዜ ደጋ ከአሮጌ ቤት ወለል ሥር አንድ ጠገራ ብር ቢወጣ፣ የተጻፈው ዓመት ስለ ታተመበት ጊዜ የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገሩት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው፦ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና በትከሻዋ ላይ ባለው መርፌ ቁልፍ የተደረደሩት የሉል ነጠብጣቦች፣ በጀርባው ያለው ባለሁለት ራስ ንስር የላባ አቀራረጽ፣ በጎኑ ዙሪያ የተጻፈው የላቲን መፈክር ፊደላትና በመካከላቸው የገቡት ጌጦች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአገራችን ነጋዴ ነጠብጣቦቹን እየቆጠረ ብሩን ሲቀበል ወይም ሲመልስ የነበረው ሐሰተኛውን ለመለየት ነበር፤ የዛሬው ተመራማሪ እነዚያኑ ነጠብጣቦች የሚቆጥረው ዘመን ለመለየት ነው።

የአንድ ነጠብጣብ መኖር አለመኖር ታዲያ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኦስትሪያ በ1935 (እ.ኤ.አ.) የማተሙን መብት ለኢጣሊያ ከሰጠች በኋላ ሮም ያተመችው ብር፣ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ማተም የጀመረችው ብር፣ ከዚያ በፊት ቪየና ካተመችው የሚለየው በእነዚሁ ዝርዝሮች ነው። ምልክቱ በስህተት ከተነበበ፣ ከወረራው በፊት የተቀበረ ንብረት ከወረራው በኋላ እንደተቀበረ ይመዘገባል፤ የቤቱ፣ የወለሉና አብሮት የተገኘው ሸክላ ዘመንም አብሮ ይዛወራል። እሳት ቀድሞ የሚያጠፋው ደግሞ እነዚህኑ ጥቃቅን ምልክቶች ነው። በእሳት የደበዘዘን ነጠብጣብ «በደካማ ምት ያልወጣ» ወይም «ሌላ ዓይነት ቅርጽ» ብሎ መመዝገብ የዘመን ስሌቱን ከመሠረቱ ያዛባል።

በገበያውም በኩል ተመሳሳይ ግርታ አለ። የታተመበት መሣሪያ ወይም ሂደት የፈጠረው ስህተት ለሰብሳቢ ዋጋ ይጨምራል፤ በእሳት የተጎዳ ገንዘብ ግን እንደ ስህተት አይቆጠርም። ያበጠ፣ የጠቆረ ወይም ጠርዙ የፈሰሰ ሳንቲም «ስህተት ያለበት» ተብሎ ዋጋ ሲጠየቅበት የሚከስረው ገዥው ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የተገኘበት ቦታና ያለፈበት እሳት ታሪክ በንግድ ወሬ ተሸፍኖ ይቀራል።

ምቱ እንደ ወሰን

ሙቀትን ከስህተት ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «ይህ ገንዘብ እሳት አግኝቶታል ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው የተሳሳተ ነው፤ ማንኛውም ገንዘብ እሳት አግኝቶታልና። በማተሚያ ቤት ቅይጡ ይቀልጣል፣ በጥቅል መዳመጫ ይሳሳል፣ ክብ ጥፍጥፍ ሆኖ ይቆረጣል፣ በመዳመጥ የጠነከረው ጥፍጥፍ እንዲለሰልስ በምድጃ ይግላል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ ከዚያ በኋላ በሁለት ዳይ (ምስሉን ተገልብጦ በያዙ ጠንካራ ብረቶች) መካከል ይመታል። ከምድጃው ጋር የተያያዙ እውነተኛ የማተሚያ ቤት ስህተቶችም አሉ፦ ከልክ በላይ ወይም አየር በገባበት ምድጃ የጋለ ጥፍጥፍ ጠቁሮ ወይም ቀልቶ ይወጣል፤ በቅይጡ ውስጥ የታመቀ ጋዝ ያብጣል፤ በመዳመጥ ጊዜ የገባ ቆሻሻ ላይኛውን ንብርብር እንደ ሽንኩርት ያልጠዋል።

ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ምልክት ከምቱ በፊት፣ ከምቱ ጋር ወይስ ከምቱ በኋላ የመጣ ነው?» የሚለው ነው። ዳዩ ሲያርፍ ብረቱ እንደ ለስላሳ ሊጥ ወደ ዳዩ ጉድጓዶች ይፈስሳል፤ ፍሰቱ ከመካከል ወደ ጠርዝ የሚጨረሩ እጅግ ጥቃቅን መስመሮችን ይተዋል። አዲስ ሳንቲም በብርሃን ሥር ሲዞር አብሮ የሚዞረው ነጸብራቅ የእነዚህ መስመሮች ሥራ ነው። ከምቱ በፊት የነበረ ማንኛውም ጉድለት እነዚህ መስመሮች በላዩ ያልፉበታል፤ እብጠትም ቢሆን ዳዩ ጨፍልቆታል፣ ጥቁረትም ቢሆን ከምስሉ ጋር ተስቧል። ከምቱ በኋላ የመጣ ጉዳት ግን መስመሮቹን ይቆርጣቸዋል ወይም ይደመስሳቸዋል። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽርና ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይህንን ማየት ይቻላል፤ ብርሃኑ ከላይ ከሆነ ግን አብዛኛው ማስረጃ አይታይም።

ስለ ነጠብጣቦቹ በዚሁ መንገድ ማሰብ ይቻላል። የዳዩ አንድ ጉድጓድ በቅባትና በቆሻሻ ከተሞላ፣ በዚያ ቦታ ያለው ነጠብጣብ ይጎድላል ወይም ይሳሳል፤ ጎረቤቶቹ ግን ስለታም ሆነው ይቆያሉ፣ በዙሪያቸው ያለው ባዶ መስክም አይለወጥም። ምቱ ደካማ ከሆነ የማይወጣው የምስሉ ከፍተኛ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ከፍተኛው የምስል ክፍል የዳዩ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። በዚያ ቦታ የጥፍጥፉ የቀድሞ ጭረት እንዳለ ይገኛል። በእጅ መዘዋወር የመጣ መበላት ከፍታዎቹን ጠፍጣፋና ለስላሳ ያደርጋል፤ ዝቅተኞቹን ማዕዘናት አይነካም። እሳት ግን ከፍታና ዝቅታ አይመርጥም። ነጠብጣቦቹ አብረው ያብጣሉ፣ ሥራቸው ይሰፋል፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ፊደል ከመስኩ ጋር የሚገናኝበት ሹል ማዕዘን እንደ ሰም ይደፈናል። አንድ ነጠብጣብ ጎድሎ ሌሎቹ ከጠሩ ተጠያቂው ዳዩ ነው፤ ሁሉም አብረው ከደበዘዙና ማዕዘኖቹም ከተደፈኑ ተጠያቂው እሳት ነው።

ስንጥቅም እንዲሁ ነው። የተሰነጠቀ ዳይ በገንዘቡ ላይ የሚተወው ጎድጓዳ መስመር ሳይሆን ከፍ ያለ መስመር ነው፤ ብረቱ ወደ ስንጥቁ ይገባልና። በሙቀትና በድንገተኛ ቅዝቃዜ የተሰነጠቀ ገንዘብ ግን መስመሩ ወደ ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ከእሳት ጋር ጨርሶ አይምታታም፦ ዘውዱን ቀጥ አድርገው ገንዘቡን ሲገለብጡት ጎፈሩ አዝምሞ ከተገኘ ዳዩ በማቀፊያው ውስጥ ዞሯል ማለት ነው፤ ይህን የሚያደርግ እሳት የለም።

የአንበሳው እግር ግን ስህተት አይደለም። በ1887 እና በ1889 ዓ.ም. በተጻፈባቸው የምኒልክ ብሮች አንበሳው ያነሣው የግራ የፊት እግሩን ሲሆን፣ በ1892 እና በ1895 ዓ.ም. በተጻፈባቸው ላይ የቀኙን ነው። ይህ የቅርጽ ለውጥ ነው።

ብርና መዳብ በእሳት ፊት

ጠገራ ብር 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። የምኒልክ ብርም 835 ሆኖ ከዚሁ ብዙም አይርቅም። ንጹሕ ብር በ962፣ ንጹሕ መዳብ በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ። ሁለቱ ሲቀየጡ ግን ከሁለቱም በታች በሆነ ሙቀት፣ በ780 ዲግሪ ገደማ፣ መቅለጥ ይጀምራሉ። የሚቀልጠው ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደለም። ብር የበዛበት ፍሬ ጠንካራ እንደሆነ ይቆይና በፍሬዎቹ መካከል ያለው ድብልቅ ቀድሞ ይፈስሳል። ገንዘቡ ቅርጹን ሳይለቅ «ያልበዋል»፤ ፊቱ የአሸዋ ያህል ይሻክራል፣ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጠብታዎች ይታያሉ። ይህ ሁኔታ በማተሚያ ቤት ሊፈጠርና ምስሉን ሳይጨፍልቅ ሊቆይ አይችልም፤ ዳዩ ሻካራውን ያስተካክለው ነበርና። እንዲህ ያለ ገጽ የታየበት ብር ከምቱ በኋላ ቢያንስ 780 ዲግሪ ደርሷል ብሎ መጻፍ ይቻላል። ለአርኪዮሎጂ ይህ የሙቀት መለኪያ በነጻ እንደ ማግኘት ነው።

ከዚያ በታች ያለው ሙቀት ምልክቱ ረቂቅ ነው። ኦክስጅን በብሩ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ከላይኛው ገጽ ሥር ያለውን መዳብ ያቃጥላል፤ ግራጫና ሐምራዊ ነክ ደመና ይፈጠራል። ብር ሠሪዎች ይህን ደመና ከሥራቸው የተነሣ በሚገባ ያውቁታል፤ በአሲድ ሲታጠብ ላይኛው መዳብ ይወጣና ብሩ ይነጣል። አደናጋሪው ነገር ማተሚያ ቤቶችም ጥፍጥፉን ከምቱ በፊት በዚሁ መንገድ ያነጡ የነበረ መሆኑ ነው። መቃብርና እርጥብ አፈርም መዳቡን ከላይኛው ገጽ ያሟሟሉ። ስለዚህ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ የተነበበ ከፍተኛ የብር መጠን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ መሣሪያው የሚያነበው ገጽን ነውና። 833 መሆን ያለበት ገንዘብ 900 ቢያሳይ «የተለየ ቅይጥ» ብሎ መደምደም በተማሪዎች ሥራ ላይ ሊፈጠር ከሚችል ስህተት ሁሉ አሳሳቹ ነው።

ብየዳም የእሳት ጉዳት ነው። ጠገራ ብር በአንገት ጌጥነት እንዲንጠለጠል ቀለበት ሲበየድለት፣ ሙቀቱ ያረፈበት የጠርዝ ክፍል ብቻ ይለወጣል። ቀለበቱ ከወደቀ በኋላ የሚቀረው ጉብታ የጎኑን ፊደላት ይሸፍናል፤ በአቅራቢያው ያለው ምስል ደብዝዞ በተቃራኒው ጠርዝ ያለው ጥርት ብሎ ይገኛል። ጉብታው ከዳይ ስብራት የሚመጣውን ከፍ ያለ የብረት ቁራጭ ሊመስል ይችላል። የዳይ ስብራት ግን የጎኑን ጽሑፍ አይሸፍንም፣ ቀለሙም ከገንዘቡ ጋር አንድ ነው፤ የብየዳው ቅይጥ ብዙውን ጊዜ የተለየ ቀለም አለው።

የዶርዜ ቤትና ምድጃው

በጋሞ ደጋ የገንዘብን የእሳት ታሪክ ለማንበብ ቤቱን ማወቅ ግድ ነው። የዶርዜ ቤት ከተሸመነ ቀርከሃ የሚሠራ ረጅም ቤት ነው፤ ምድጃው ከውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሲቃጠል በፍጥነት ይቃጠላል፤ ሙቀቱ ከላይ ይበረታል፣ አፈር ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። በግድግዳ የተሰቀለ ወይም በቆጥ የተቀመጠ ገንዘብ ሊፈስ ሲችል፣ በዚያው ቤት ወለል ሥር በማሰሮ የተቀበረው አንዳች ሳይነካው ሊተርፍ ይችላል። በተቃራኒው፣ ቤቱ ሳይቃጠል በምድጃው ሥር ለዓመታት የቆየ ገንዘብ በዝቅተኛ ሙቀት ደጋግሞ ይግላል፤ አይቀልጥም፣ አያብጥም፣ ግን ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። ተራ የእንጨት እሳት 780 ዲግሪን የሚነካው አልፎ አልፎና በጠባብ ቦታ ነው፤ ወናፍ ያለው አንጥረኛ ግን ያለ ችግር ያልፈዋል። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ የተንጠባጠበ ብር ሲገኝ፣ የቤት ቃጠሎን ከማሰብ አስቀድሞ የአንጥረኛ ሥራ ቦታን ማሰብ ይገባል።

ሌላም ውስብስብ አለ። የቀርከሃው ቤት ተነቅሎ በሰው ሸክም ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል፤ እግሩ በምስጥ ሲበላም ከሥሩ እየተቆረጠ ያጥራል። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ምድጃ ትናንት በዚያ ላይኖር ይችላል። የእሳት ምልክት ያለበት ገንዘብ ከዛሬው ምድጃ ርቆ ቢገኝ እንግዳ ነገር ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ አንዳንዴ የጠፋ ምድጃ ብቸኛ ምስክር እሱ ነው።

በአንድ ከረጢት ወይም ማሰሮ የተቃጠሉ ገንዘቦች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሲላቀቁ የአንዱ ምስል በሌላው ላይ ተገልብጦ ይቀራል። ይህ ከታወቀ የማተሚያ ቤት ስህተት ጋር ይምታታል፦ ቀድሞ የተመታው ሳንቲም ከዳዩ ሳይወጣ ቀርቶ የሚቀጥለውን ጥፍጥፍ በራሱ ምስል ሲመታው፣ በአንድ ገጽ ላይ የተገለበጠና የጎደጎደ ምስል ይታተማል። የማተሚያ ቤቱ ምስል ግን ጥልቅና ጥርት ያለ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ገጹን ሙሉ ይይዛል፣ ከሥሩም የሌላ ምስል ፍርስራሽ የለም። የተጣበቁት ገንዘቦች አሻራ ጥልቀት የሌለው፣ ከማዕከል የራቀና በከፊል የወጣ ነው፤ ከሥሩ የራሱ የገንዘቡ ምስል ይታያል። የተደራረቡት ካልተጣበቁም የጨረቃ ቅርጽ ያለው ንጹሕ ጥላ ይቀራል፦ ጎረቤቱ የከለለው ክፍል አልጠቆረም።

ሳንቲሞቹ

ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት ሳንቲሞች እያንዳንዳቸው በእሳት ፊት የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የአሉሚኒየሙ 1 ሳንቲም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ግን ከላዩ ያለው የኦክሳይድ ቆዳ ስለማይቀልጥ ፈሳሹን እንደ ከረጢት ይይዘዋል። ሳንቲሙ ሳይፈስ ይንጠለጠላል፣ ይጨማደዳል፤ ምስሉም በተጨማደደው ቆዳ ላይ ይነበባል። እንዲህ ያለውን ጭምድ በዳይ የሚያመጣ መንገድ የለም።

የናሱ 5 እና 10 ሳንቲም ይበልጥ ያታልላሉ። በሙቀት ጊዜ ዚንኩ ከገጹ ይተንናል፣ መዳቡ ይቀራል፣ ሳንቲሙ ቀይ ይሆናል፤ «በመዳብ ጥፍጥፍ ላይ በስህተት የተመታ» የሚባለውም ይኸው ነው። በሎሚ የታሸ ናስም ወደ ቀይ ይሄዳል፤ አሲዱ ዚንኩን ቀድሞ ያሟሟዋልና። መፍቻው ሚዛን ነው፦ መዳብ ከናስ 5 በመቶ ያህል ስለሚከብድ፣ በእውነት በመዳብ ጥፍጥፍ የተመታ ሳንቲም በጥግግቱ ይለያል፤ ገጹ ብቻ የቀላው ግን የናስ ጥግግቱን ይዞ ይቆያል። በኋለኞቹ እትሞች የብረት እምብርት ያላቸው የተለበጡ ሳንቲሞች ስላሉ ማግኔት ከሁሉ በፊት መቅረብ አለበት። በተለበጠ ሳንቲም ላይ አንድ ሁለት ጠፍጣፋ እብጠት ከመለበጡ ሂደት ሊመጣ ይችላል፤ ገጹን ሁሉ የሸፈነ እብጠት ግን የእሳት ነው።

የ1936 ዓ.ም. የ25 ሳንቲም ታሪክ እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል። ይህ የመዳብ ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፤ መጠኑም ምስሉም ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ይመሳሰል ስለነበር፣ በብር እየተቀባ በ50 ሳንቲምነት ይሰጥ ጀመር። በዚህ ምክንያት ተሰብስቦ ዙሪያው በሞገድ ቅርጽ ተቆረጠ። ዛሬ በእጅ የሚገኘው ሞገደኛው 25 ሳንቲም እንግዲህ ከምቱ በኋላ የተለወጠ፣ ግን ጉዳትም ስህተትም ያልሆነ ገንዘብ ነው። የሞገዱ ጥራት የተለያየ በመሆኑ ሻካራውን «ጎደሎ ጥፍጥፍ» ብሎ መመዝገብ ይቀላል። እውነተኛው ጎደሎ ጥፍጥፍ ከምቱ በፊት ስለተቆረጠ ከጉድለቱ ትይዩ ያለው ጠርዝ ደካማ ይሆናል፣ ከጉድለቱ አጠገብ ያሉ ፊደላትም ወደ ክፍተቱ ይሳባሉ። ከምቱ በኋላ በተቆረጠው ላይ ፊደሉ በቀጥታ ይቆረጣል፤ ተቃራኒው ጠርዝ ምንም አይሆንም። ክቡ 25 ሳንቲም ደግሞ የብር ቅሪት ቢገኝበት ቀድሞ መጠርጠር ያለበት የዚያ ዘመን አታላይ ነው፤ በብር ጥፍጥፍ ላይ በስህተት ተመታ የሚለው ግምት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በቤተ ሙከራ

አጉሊ መነጽር ካልፈታው፣ ገንዘቡን ሳይጎዳ ብዙ የሚናገረው ጥግግት ነው። የጠገራ ብር ቅይጥ ጥግግት በስሌት 10.2 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 28.07 ግራም የሚመዝነው ገንዘብ በክር ታስሮ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወደ 2.75 ግራም ያህል መቅለል አለበት። 2.90 ቢቀልል ጥግግቱ ወደ 9.7 ወርዷል፤ ክብደቱ ሳይጎድል ይዘቱ ስለጨመረ ውስጡ ክፍተት አለ። ቀጭን ሆኖ የተዳመጠ ጥፍጥፍ ተቃራኒውን ያሳያል፦ ክብደቱ ይጎድላል፣ ጥግግቱ አይለወጥም። እብጠቱ ከተበሳ ግን ውኃው ይገባበትና ልዩነቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ጥግግት ማስረጃ ሲሆን ትክክለኛ ጥግግት ግን ከእሳት ነጻ አያወጣም። የነጋዴው ብሩን ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን መስማትም የዚሁ ፈተና ዘመድ ነው፤ ውስጡ የተቦረቦረ ወይም የተሰነጠቀ ብር አይጮኽም።

ከዚያ በላይ መሄድ ለሚችል፣ ወሳኙ ማስረጃ በብረቱ ፍሬዎች ውስጥ ነው። ምቱ ፍሬዎቹን ጨፍልቆ ያጠነክራል፤ ይህን የሚያደርገው ግን በየቦታው እኩል አይደለም። ብረቱ ብዙ የፈሰሰበት ጠርዝና የምስል ከፍታ ይበልጥ ይጠነክራል። እሳት ፍሬዎቹን እንደገና ያበቅላቸዋል፤ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ልዩነቱም ይጠፋል። ስለዚህ መታየት ያለበት አንድ የጥንካሬ ቁጥር ሳይሆን በጠርዝና በመስክ መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ ልዩነቱ ካለ ገንዘቡ ከምቱ በኋላ በብርቱ አልጋለም፤ ከሌለ ግሏል። ምድጃ ያበላሸው ጥፍጥፍ የቱንም ያህል ቢጠቁር ከዚያ በኋላ ተመትቷልና ልዩነቱን ይዞ ይገኛል። የጥንካሬ መለኪያው ጥቃቅን ጉድጓድ ስለሚተው፣ ለቅርስ ገንዘብ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ይመረጣል፤ የተጨፈለቁ ፍሬዎች የሰፉና የደበዘዙ መስመሮች፣ በሙቀት ዳግም የበቀሉት ደግሞ ቀጭንና ስለታም መስመሮች ይሰጣሉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ገንዘቡ ሳይታጠብ ሲመጣ ነው። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸ ብር የፍሰት መስመሮቹን፣ የጎረቤቱን ጥላና የብየዳውን ቀለም አብሮ ያጣል። በመስክ መዝገብ ላይ ከክብደቱና ከስፋቱ ጋር መግባት ያለባቸውም ሁለቱ ገጾችና ጎኑ በጎን ብርሃን የተነሡበት ፎቶግራፍ፣ የተገኘበት ጥልቀት፣ አሁን ካለው ምድጃ ያለው ርቀት፣ አብረውት የተገኙት ገንዘቦች የተደረደሩበት ቅደም ተከተል እና ቤቱ ከዚህ በፊት ተነቅሎ የተዛወረ ስለመሆኑ የቤቱ ባለቤቶች የሚናገሩት ነው።